መሀል ላይ ላቆሙት ሐኪምና ለከዚራዋ ሲስተር

ለ19 ዓመታት ያደረግሁትን መነጽር ማውለቄን አይታችሁ «የት ተሠራህ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ የድሬ ወዳጆቼ መልሴም ምስጋናዬም ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ ላሲክ የተባለውን እይታን በሌዘር የማረም ሕክምና ለመሠራት በተኛሁበት ዕለት፣ ዓይንን አጥብቆ የሚይዘው መምጠጫ ቀለበት ሲያርፍብኝ አስቀድሞ እንደተነገረኝ እይታዬ ጨለመ። ሌዘሩ ኮርኒያዬ (ግልጹ የፊተኛው የዓይኔ ክፍል) ላይ ስስ ክዳን መቁረጥ እንደጀመረ ግን እኔው በድንጋጤ ዓይኔን ስጨምቅ ቀለበቱ ለቀቀና መብራቱ ያለጊዜው ቦግ ብሎ ታየኝ። ሐኪሟ ወዲያው እግራቸውን ከመርገጫው አንስተው «አይንቀሳቀሱ፤ ዓይንዎ ደኅና ነው፤ ዛሬ ግን እዚህ ላይ እናቆማለን» አሉኝ።

የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ እያሰብኩ «እባክዎ ይጨርሱት» ብዬ መለመኔን አልደብቅም። እርሳቸው ግን ቁርጡ የቆመው እይታዬ በሚያልፍበት መሀል ላይ ስለሆነ፣ ያልተጠናቀቀውን ክዳን በግድ አንስቶ ማረሚያውን ሌዘር መተኮስ ጠባሳና የተዛባ እይታ ሊያስከትል እንደሚችል፣ ሳይነካ ቢተው ግን እንደሚያገግም በወረቀት ላይ እየሣሉ በትዕግሥት አስረዱኝ። ከ3 ወር በኋላም ክዳን በማያስፈልገው፣ ከኮርኒያው ላይ ስሱን የላይኛ ሽፋን ብቻ በሚያነሣው ፒአርኬ በተባለው ዘዴ ሁለቱንም ዓይኖቼን ሠሩልኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቃጠልና እንባ ግን ቀላል ነው የሚላችሁን አትመኑ።

ቀሪው ሥራ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለችው ሲስተር ነበር። ከሐኪሟ ጋር በስልክ እየተነጋገረች፣ ቁስሉ መዳኑን በማጉያ መሣሪያ ካየች በኋላ ቁስሉ እስኪድን ዓይኔ ላይ የተደረገውን መሸፈኛ ሌንስ አወጣችልኝ፤ የስቴሮይድ ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችልም በየሁለት ሳምንቱ ግፊቴን ትለካ ነበር። አንድ ቀን ያለ ጥቁር መነጽር በባጃጅ መጥቼ ብታየኝ፣ የድሬ ፀሐይ በኮርኒያ ላይ ጭጋግ እንዲፈጠር ሊያግዝ እንደሚችል ነግራ እንደ ታላቅ እህት ተቆጣችኝ።

ሁለቱም ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልወደዱ አልጻፍኩትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እጠቁማለሁ። ሌላ ቦታ የምትሠሩም ብትሆኑ ሐኪሙን ከዋጋው በፊት «መሀል ላይ ቢበላሽ ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲስተሯ ዘንድ የምትሄዱ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ወረፋው አይቻልም።