በዳኑብ ሸለቆ ለአንድ ቀን የተከራየሁት ብስክሌት

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው ዩሮቬሎ 6 የተባለው ረጅም የብስክሌት መስመር ኦስትሪያ ውስጥ የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ ይጓዛል። እኔ የነዳሁት ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለውን 36 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ቫኻው የሚባለውን ሸለቆ ነው። ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ሥር ተሰባስበን የምንነዳ የድሬዳዋ ጓደኞቼ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ የኪራይ ብስክሌቱም ያስተማምን እንደሆነ ስለሚጠይቁኝ፣ እንደ ደንበኛ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የነዳ ሰው ይህን መንገድ ሲጀምር ዳገቱ መቼ ይመጣል እያለ መጠበቁ አይቀርም፤ ዳገቱ ግን አይመጣም። መንገዱ በወንዙ ዳር ዳር የተዘረጋና አብዛኛው አስፋልት በመሆኑ፣ ልምድ የሌለው ሰው እንኳ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይቸኩል ይጨርሰዋል።

ብስክሌቱ ጠንካራ፣ ሰንሰለቱ ንጹሕና በቅጡ የተቀባ፣ የጎን ቦርሳዎቹም ውሃ የማያስገቡ ነበሩ። አንድ ነገር ግን አከራዩ ሊነግረኝ ሲገባ ሳይነግረኝ ቀረ፤ የኋላ ፍሬኑ የሚይዘው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ነው። ይህ በዚያ አገር የኪራይ ብስክሌቶች ላይ የተለመደ ነው። እኛ ግን ለመነሣት ስንዘጋጅ ፔዳሉን በእግራችን ወደ ኋላ አዙረን ከፍ ማድረግ ስለለመድን፣ እንዲያ ባደረግን ቁጥር የኋላው ጎማ ይያዝብናል። መኪና በሚበዛበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሜልክ በኋላ ከክሬምስ ማዶ እስካለችው ማውተርን ድረስ ድልድይ ስለሌለ፣ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለው በጀልባ ነው። በሰሜኑ ዳርቻ ካለችው ሽፒትስ በደቡቡ ወዳለችው አርንስዶርፍ የሚያሻግረው ጀልባ ሞተር የለውም። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጥ የብረት ገመድ ተይዞ ወደ ጎን ዘንበል ሲደረግ፣ የወራጁ ውሃ ግፊት ራሱ ወደ ማዶ ይገፋዋል። ከነብስክሌቴ ቆሜ ገመዱ ሲወጠር፣ ውሃውም በጀልባው ጎን ሲከመር እየተመለከትኩ ተሻገርኩ፤ ከቀኑ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ደቡቡ ዳርቻ የአፕሪኮት ዛፎች የሞሉበትና ጸጥ ያለ ሲሆን፣ በሰሜኑ በኩል የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድ በ1192 እ.ኤ.አ. ታስሮበት የነበረው የዱርንሽታይን ግንብ ፍርስራሽ ይገኛል። ሸለቆው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አከራዩን ከልብ የማመሰግንበት ጉዳይም አለ፤ የዕለቱን የወንዙን ከፍታ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል። ዳኑብ በ2002 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ሞልቶ እነዚህን መንደሮች አጥለቅልቋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድብን ያየን የድሬ ልጆች እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እናውቃለን።

ቅሬታዬ በመመለሻው ላይ ነው። ብስክሌቱን ክሬምስ ባለው ቢሯቸው መመለስ እንደምችል ተነግሮኝ ሳለ፣ ከተባለው ሰዓት ቀድሜ ብደርስም ተዘግቶ አገኘሁት። እንደ ዕድል ሆኖ በ1909 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሸለቆው ባቡር ብስክሌት ይጭናል። ባቡሩ በሰሜኑ ዳርቻ እስከ ኤመርስዶርፍ አደረሰኝ፤ ከዚያ በድልድዩ ተሻግሬ ሜልክ ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ብስክሌቱን ሳስረክብ ግን የተጨማሪ ቀን ኪራይ አስከፈሉኝ፤ ጥፋቱ የእነርሱ መሆኑን ባስረዳም የሰማኝ አልነበረም።

ስለዚህ መንገዱንም ሆነ ብስክሌቱን ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። በሌላ ከተማ የመመለሱን አማራጭ ግን የመዝጊያው ሰዓት በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ በስተቀር አልመክርም፤ ለሚሄድ ሰው ብስክሌቱን ሜልክ ላይ ወስዶ በባቡር ተመልሶ እዚያው ማስረከብ ይሻለዋል።