የዘር ሐረግ የዲኤንኤ ምርመራ በክርስቲያን ዓይን ሲታይ

በምራቅ ናሙና የዘር ሐረጋችሁን እንነግራችኋለን ከሚሉት አገልግሎቶች በአንዱ ተጠቅሜ ውጤቱ ደርሶኛል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትንሿን ብልቃጥ እስከ ምልክቱ ድረስ በምራቅ ሞልቶ፣ ክዳኗን ገጥሞ በፖስታ መላክ ብቻ ነው። የሩቅ ዘመዶችን ፈልጎ በማገናኘት በኩል የሚመሰገን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት ረጅም የዲኤንኤ ክፍል በቀጥታ ተነጻጽሮ ሊታይ ይችላል። ቅሬታዬ የሚጀምረው በቀለም ተከፋፍሎ ከቀረበው የመቶኛ ገጽ ነው።

ያ ገጽ ማንነትን የለካ ይመስላል። በእርግጥ የሚደረገው ግን ኩባንያው ዛሬ በየአካባቢው ከሚኖሩ ሰዎች ከሰበሰባቸው ናሙናዎች ጋር የደንበኛውን እያመሳከረ፣ ለየትኛው ቡድን እንደሚቀርብ መገመት ነው። ስለዚህም ማመሳከሪያው በተሻሻለ ቁጥር ምራቁ ያው ሆኖ ሳለ መቶኛው ይለወጣል፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድምና እኅትም የሚወርሱት ድርሻ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የተለያየ ውጤት ሊደርሳቸው ይችላል። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰዎች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን አሳይቷል፤ ሪፖርቱ ስለዚህ አንዳች አይናገርም።

ይበልጥ ያሳዘነኝ ከመቶኛው ቀጥሎ ያለው ገጽ ነው። አንዱን ሕዝብ ታታሪ፣ ሌላውን ለዘፈንና ለጭፈራ የተፈጠረ እያለ ለየአካባቢው ጠባይ ያድላል። ምስጋና ቢመስልም ሰውን ሳያዩ መፍረድ ነው። ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ባለ ጊዜ ፊልጶስ ስለ ናዝሬት ሰዎች ጠባይ ክርክር አልገጠመውም፤ «መጥተህ እይ» አለው እንጂ። አንድን ሰው ቀርቦ ማወቅ ያለውን ዋጋ የትኛውም የጠባይ ሰንጠረዥ አይተካውም። በዘፍጥረት 9 የተረገመው የኖኅ የልጅ ልጅ ከነዓን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል የሌለበት ያ ክፍል ጥቁሮችን በባርነት ለመግዛት ለዘመናት ማመካኛ ሆኗልና፣ እኛ ክርስቲያኖች እንዲህ ያለውን ገጽ በዝምታ ልናልፈው አይገባም።

ይህን ስል ወገንና ቋንቋ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በራእይ 7፥9 በዙፋኑ ፊት የቆሙት ከሕዝብና ከቋንቋ ሁሉ የመጡ መሆናቸው ይታወቃል። ሁሉም ከአንድ መፈጠራቸውን የሚመሰክረው የሐዋርያት ሥራ 17፥26 ግን ሰውን በመቶኛ ቆራርሶ ለማየት ቦታ አይሰጥም።

በጉዲፈቻ አድጎ ሥጋ ዘመዶቹን ለሚፈልግ ሰው አገልግሎቱ ይጠቅመዋል፤ ከመክፈሉ በፊት ግን ናሙናውን ማስወገድና መረጃውን ማስጠፋት የሚቻል መሆኑን ውሉ ላይ ያረጋግጥ። ማንነቱን ለማወቅ ብሎ ለሚገዛው አልመክረውም፤ ኩባንያውም የጠባዩን ገጽ ከሪፖርቱ እንዲያወጣ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።