«ጎ» ለምን «ዌንት» ሆነ? ኦንላይን ኢቲሞሎጂ ዲክሽነሪን ሞክሩት

የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ የሚለው ነገር የሚያጓጓችሁ ካላችሁ ኦንላይን ኢቲሞሎጂ ዲክሽነሪ የሚባለውን ሳይት ዛሬውኑ ግቡበት። ዳግላስ ሃርፐር የሚባል አሜሪካዊ ነው የጀመረው፣ ነፃ ነው።

እኔን ያስያዘኝ አንድ ቃል ነው። ታናሽ እህቴን እንግሊዝኛ ሳስጠናት «ጋሼ፣ ዎክ ዎክድ ከሆነ ጎ ለምን ጎድ አይሆንም?» አለችኝ፣ እኛ ደግሞ ኢሬጉላር ነው ተብለን ዝም ብለን የሸመደድነው ስለሆነ መልስ አጣሁ።

ማታ ገብቼ ዌንት ብዬ ፈለግኩ። ለካ ከ«ጎ» ጋር ዝምድናም የለው! መሄድ የሚል ትርጉምም የነበረው ዌንድ የሚባል የድሮ ግሥ ነበር፣ የሱ ፓስት ነው፣ ሴንድ ሴንት፣ ቤንድ ቤንት፣ ሌንድ ሌንት እንደሚሆነው ዌንድም ዌንት ይሆን ነበር በቃ። «ጎ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ኤኦደ የሚል የራሱ ፓስት ነበረው፣ በፈረንጆቹ 1500 አካባቢ ግን ዌንት ቦታውን ወሰደበት፣ ወደ ስኮትላንድ ግን ጌድ የሚሉ ነበሩ። ዌንድ ራሱ ዛሬ መንገዱን ቀጠለ ለማለት በሚጠቀሙባት አንድ አባባል ውስጥ ነው የቀረው።

በጣም የወደድኩት ደግሞ ሥሩን ነው። ዋይንድ መዞር መጠምዘዝ ነው፣ ዌንድ ደግሞ ማዞር፣ ልክ እኛ ዞረ ብለን አዞረ እንደምንለው! ዌንድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ደግሞ መተርጎም ማለትም ነበር፣ እኛም መጽሐፍ ስንተረጉም ወደ አማርኛ መለሰው እንል የለ? ይሄን ሳነብ እውነት ደስ አለኝ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሀሳብ ላይ ደረሱ።

ልብ በሉ፣ ቃሉን ዛሬ እንዴት እንደምትጠቀሙበት ለመማር ከሆነ ሌላ ዲክሽነሪ ያስፈልጋችኋል፣ ይሄ ስለ ታሪኩ ነው። ከቃል ፊት ኮከብ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ጽሑፍ ላይ የተገኘ ሳይሆን ምሁራን ዘመድ ቋንቋዎችን አነጻጽረው የደረሱበት ቃል ማለት ነው፣ ለምሳሌ የዌንድ ሥር ኮከብ አለው። ይሄን ግልጽ አድርጎ መለየቱ እንዳምነው አድርጎኛል።

በነጋታው ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ ትንሽ አሰብ አደረገችና «እሺ መጣ ለምን ምጣ ሳይሆን ና ሆነ?» አለችኝ። ለአማርኛም እንዲህ በአንድ ክሊክ የሚከፈት ሳይት እንዴት እንደተመኘሁ!