ለሊምፎማ ማርከር ምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ስም አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ ነው ጉድ የሰራን።

አክስቴ አንገቷ ላይ ንፍፊት አብጦባት ከረመ። በቀዶ ጥገና ወጣ፣ ፓቶሎጂው "ሊምፎማ ይመስላል" አለ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው)፣ ሐኪሟ ደግሞ ዓይነቱ ይለይ ብለው የማርከር፣ ማለትም ሴሉ ላይ ያሉ መለያ ፕሮቲኖችን የሚያይ ምርመራ አዘዙ። ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ይሉታል፣ ምላስ ያስራል። ሰም ውስጥ ከተቀበረው ናሙና (ብሎክ ይሉታል) በጣም ስስ ቁራጭ ይላጥና አንቲቦዲ ይደረግበታል። አንቲቦዲው ሴሉ ላይ የሚፈልገውን ፕሮቲን ካገኘ ይጣበቃል፣ ቦታው ብዙ ጊዜ ቡናማ ይሆናል።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ "ሙሉ የሊምፎማ ፓኬጅ አለን" አለችን። ሙሉ! እኛ የዋሆቹም ምን ምን አለበት ሳንል የአክስቴን የእቁብ ብር ቆጥረን ሰጠን። ደረሰኙ "የካንሰር ምርመራ" ብቻ ይላል። ኬሚካል አልቋል፣ ማሽን ተበላሽቷል፣ ባለሙያው ፈቃድ ላይ ነው ስንባል ሳምንታት አለፉና በመጨረሻ አንድ ወረቀት ሰጡን። ሲዲ 45 ፖዘቲቭ። በቃ፣ እሱው ነው።

ሐኪሟ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲዲ 45 የነጭ የደም ሴሎች የጋራ ምልክት ነው። እጢው ከዚያ ወገን መሆኑን ይጠቁማል እንጂ ቢ ሴል ይሁን ቲ ሴል (ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው) አይለይም። ለቢ ሴል ሲዲ 20፣ ለቲ ሴል ሲዲ 3 ይታያል። ሆጅኪን የሚባለው የሊምፎማ ዓይነት ከተጠረጠረ ሲዲ 30 እና ሲዲ 15 ይጨመራል (የሆጅኪን ትልልቆቹ ሴሎች እንዲያውም ሲዲ 45ን አብዛኛውን ጊዜ አያሳዩም)። ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሪቱክሲማብ የሚባለው ውድ መድኃኒት የሚይዘው ሲዲ 20ን ነው፣ ሲዲ 20 በሌለው ሴል ላይ ምን ሊይዝ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከብሩ ይልቅ ብሎኩ ነው። ሌላ ቦታ እናሰራ ብለን ስንጠይቅ "ተቆርጦ አልቋል" አሉን። ለአንድ ማርከር! አንዷ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ብትወፍር ነው፣ ከአንድ ብሎክ ስንትና ስንት ይወጣል። ወይ ጥለውታል ወይ ጠፍቶባቸዋል። አሁን አክስቴ እንደገና ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። የማርከሮቹን ስም ሐኪም ይጻፍላችሁ፣ ደረሰኙም ላይ አንድ በአንድ ይስፈሩ፤ "ፓኬጅ" የሚል ቃል አትቀበሉ። ብሎኩን ስታስረክቡ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስፈርሙ፣ ትርፉን ደግሞ መልሱልን በሉ፤ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይቆያል። ከዚሁ ብሎክ ፍሎው ሳይቶሜትሪም (ሴሎችን አንድ በአንድ በማሽን እያሳለፉ ማርከር የሚያዩበት ምርመራ) እንሰራለን ካሏችሁ ቶሎ ውጡ፤ እሱ ትኩስ ሴል ነው የሚፈልገው፣ ፎርማሊንና ሰም የገባበት አይሆነውም።

ሰኞ ብሩን ልጠይቅ እሄዳለሁ። እዚያው ሰፈር እንዲህ የተደረጋችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።