የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ፦ በዋናው በርና በጓሮ በር

(ዘመኑ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጊታሪስቱ ዌይን ክሬመር ያረፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። በኤፕሪል የክብር አዳራሹ የእሱን ባንድ፣ የዲትሮይቱን ኤምሲ ፋይቭን፣ ለክብር መምረጡን አስታወቀ። በሜይ ድራመሩ ዴኒስ ቶምሰን ተከተለው። በኦክቶበር ክሊቭላንድ ላይ ሥነ ሥርዓቱ ሲካሄድ፣ ባንዱን ካሳወቀው አልበም አምስት ተጫዋቾች መካከል ሽልማቱን በእጁ የሚቀበል አንድም ሰው በሕይወት አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እነዚህ ሰዎች በ1968 በዲትሮይቱ ግራንዴ ቦልሩም በሁለት ሌሊት የቀረጹት የመድረክ አልበም በኋላ ለመጣው ፓንክ መንገድ ጠርጓል። መስፈርቱን አሟልተው የቆዩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሆን፣ ደጋግመው ታጭተው ደጋግመው ወድቀዋል።

የሮክ የክብር አዳራሽ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፤ አንዱ ሙዚየም፣ አንዱ ምርጫ። ሙዚየሙ ጥሩ ነው። ምርጫው ግን ብዙ ይቀረዋል፤ ጉድለቱም ሰዎች ሁልጊዜ እንደሚጨቃጨቁበት “እገሌ ለምን ገባ፣ እገሊት ለምን ቀረች” ላይ አይደለም። ጉድለቱ ሰዓቱና በሩ ላይ ነው።

አሠራሩን ሳያውቁ መከራከር ድካም ነውና ከዚያ እንጀምር። ተቋሙን በ1983 ያቋቋመው የአትላንቲክ ሬከርድስ መሥራች አህመት ኤርቴጉን ከሌሎች የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ሰዎች ጋር ሆኖ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች በ1986 ገቡ፤ ቸክ ቤሪ፣ ጄምስ ብራውን፣ ሬይ ቻርልስ፣ ሊትል ሪቻርድ፣ ኤልቪስ ፕሬስሊ ከእነዚያ አሥር ስሞች ውስጥ ናቸው። ከአሥሩ አንዲትም ሴት አልነበረችም። አሪታ ፍራንክሊን በ1987 የመጀመሪያዋ ሆነች።

አንድ ሙዚቀኛ ለእጩነት የሚበቃው ለገበያ የዋለ የመጀመሪያ ሥራው ከወጣ ቢያንስ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ አነስተኛ ቁጥር ያለው እጩ አቅራቢ ኮሚቴ ተሰብስቦ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ከሺህ በላይ ለሆኑ ድምፅ ሰጪዎች ይላካል፤ እነሱም ቀደም ሲል የገቡ ሙዚቀኞች፣ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎችና የኢንዱስትሪው ሰዎች ናቸው። በ2025 ዝርዝሩ 14 ስም ነበረው፤ ሰባቱ አለፉ። ስለዚህ ትልቁ ማጣሪያ ድምፁ አይደለም፤ ኮሚቴው ነው። ዝርዝሩ ላይ ከወጣ ሰው ግማሹ ሊገባ ይችላል፤ ዝርዝሩ ላይ ያልወጣን ግን ማንም ሊመርጠው አይችልም። “ድምፅ ሰጪዎቹ እገሌን ናቁት” የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ላይ የሚሰነዘር ወቀሳ ነው።

ከዚህ የባሰ ብዙ ሰው የሚስተው የአድናቂዎች ድምፅ ነው። በ2012 ተጀመረ፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት መምረጥ ይችላል። እጅግ ብዙ ድምፅ ይሰበሰብና ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ስሞች በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። አንድ ወረቀት! ያ ወረቀት ከሺህ በላይ ከሆኑት ወረቀቶች እንደ አንዱ ብቻ ይቆጠራል። ክብደቱ ከመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ዴቭ ማቲውስ ባንድ ለ2020 በተደረገው ምርጫ አንደኛ ወጥቶ ቀረ፤ የገባው በ2024 ነው። ፊሽ በ2025 አንደኛ ወጥቶ በዚያ ዓመት አልተመረጠም። ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ በ2021 ከቲና ተርነር ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ከተመረጡት መካከል አልነበረም። ተቋሙ ይህን ድምፅ በየዓመቱ ሲያውጅ ክብደቱን ከቁጥሩ አጠገብ በግልጽ ቢጽፍ፣ ጊዜውን ሰውቶ በየቀኑ የሚመርጠው አድናቂ ቢያንስ የሚሠራውን አውቆ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ በሮቹ። ዋናው በር “ተጫዋቾች” የሚባለው ምድብ ነው፤ በድምፅ የሚገባበት እሱ ብቻ ነው። ከጎኑ ሦስት በሮች አሉ፤ አንዱ ለሌሎች ሙዚቀኞች ምንጭ ለሆኑ፣ ሌላው ለላቀ የሙዚቃ ችሎታ፣ ሦስተኛው እንደ ፕሮዲዩሰርና የሙዚቃ ቤት ባለቤት ላሉ ከመድረክ ጀርባ ለሠሩ፣ በኤርቴጉን ስም የተሰየመ። በእነዚህ በሮች የሚያስገባው ኮሚቴ ነው፤ ሰፊው መራጭ ድምፅ አይሰጥበትም።

የምንጭነቱ በር ሲከፈት የታሰበው ሮክ ከመወለዱ በፊት ለነበሩት ነው፤ በ1986 እንደገባው የብሉዝ ጊታሪስት ሮበርት ጆንሰን ላሉት። ለላቀ ችሎታ የሚባለውም አስቀድሞ የአጃቢዎች ምድብ ነበር። ስሙ ያልተጻፈለት፣ ግን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሸክላዎች ላይ የተጫወተ ባለሙያ የሚከበርበት። ሁለቱም መልካም ሐሳብ ነበሩ። ዛሬ ግን ዋናው በር የተዘጋባቸው ሰዎች መተላለፊያ ሆነዋል።

ማስረጃው ብዙ ነው። የጀርመኑ ክራፍትቨርክ ሙሉ ሥራው ከ1970 ወዲህ የሆነ ባንድ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ቋንቋ የቀመረ፣ አሜሪካዊው ዲጄ አፍሪካ ባምባታ በ1982 ለሂፕ ሆፕ መሠረት ካደረጋቸው ዜማዎች ጀርባ ያለ። በተጫዋቾች ምድብ ስድስት ጊዜ ታጭቶ ወደቀ፤ በ2021 በምንጮች በር ገባ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፍሎሪያን ሽናይደር ግን አንድ ዓመት ቀድሞ በ2020 ሞቷል። በዚያው በ2021 ራፐሩ ኤልኤል ኩል ጄይ በችሎታ በር ገባ። ጁዳስ ፕሪስት በ2022 በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ቀርቦ ድምፅ አነሰው፤ በዚያው ዓመት በችሎታ በር ተመርጧል ተባለ። ሁለት ጊታሪስት ፊት ለፊት አቁሞ፣ ቆዳ ለብሶ፣ የሄቪ ሜታልን መልክም ድምፅም የሠራ ባንድ አጃቢ አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የዲስኮ ባንዱ ሺክ ነው። ባንዱ አሥራ አንድ ጊዜ ታጨ፤ ባንዱ አልገባም። በ2017 ጊታሪስቱ ናይል ሮጀርስ ብቻውን በችሎታ በር ገባ። ቤዝ ተጫዋቹ በርናርድ ኤድዋርድስ በ1996 ሞቶ ነበር፤ ድራመሩ ቶኒ ቶምሰን በ2003። በ1979 ኤድዋርድስ የተጫወተው የቤዝ መስመር ራፕን ወደ ሬዲዮ ያስገባው የመጀመሪያው ትልቅ ዘፈን የቆመበት ምሰሶ ነው። ያንን መስመር የተጫወተው ሰው ስም ውጭ ቀርቶ የአጋሩ ብቻ ሲገባ ክብሩ ግማሽ ሆኗል።

የጎን በሮቹ ሁሌም ስህተት ናቸው ማለት አይደለም። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ2018 በምንጮች በር መግባቷ ትክክል ነው። በ1940ዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታር ታቅፋ መዝሙር እየዘመረች የሠራችውን በ1950ዎቹ የመጡት ወንዶች ሮክ ብለው ጠሩት። በሩ ትክክል ነው፤ ሰዓቱ ግን ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ ነው።

“ይገባዋል ወይስ አይገባውም” ለሚለው ክርክር የሚጠቅም ዘዴ አለ። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ሸክላ ዓመት ማረጋገጥ፤ ብዙ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ የሽያጭ ቁጥርን ወደ ጎን ማድረግ። ተቋሙ በመስፈርትነት የሚጠቅሰው ተፅዕኖና ትርጉም ነው፤ የተሸጠ አልበም የገበያ ማስረጃ እንጂ የተፅዕኖ ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛውና ዋናው ሙዚቀኛው ከመምጣቱ በፊት ያልነበረ፣ ከመጣ በኋላ ግን ሌሎች የወረሱት አንድ የሚሰማ ነገር ጠቁሞ ማሳየት ነው። “ታላቅ ነው” አይበቃም።

ብላክ ሳባትን እንውሰድ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ግራኝ ነው፤ በወጣትነቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ አደጋ የቀኝ እጁ ሁለት መካከለኛ ጣቶች ጫፍ ተቆረጠ። ክር የሚጫንበት እጁ ያ ነበር። ለጣቶቹ ሽፋን ሠራላቸው፤ ክሮቹን በቀጫጭን ቀየረ፤ በ1971ቱ ሦስተኛ አልበም ደግሞ መቃኛውን አንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ አድርጎ ክሩን አላላው። የላላ ክር ለተጎዳ ጣት ይቀላል፤ ድምፁም ይከብዳል። ዛሬ የከባድ ሮክ ባንዶች ጊታራቸውን ዝቅ አድርገው የሚቃኙት ከዚያ የተነሣ ነው። ማስረጃ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ዓመት አለው፣ ምክንያት አለው፣ ጆሮ ይለየዋል። ባንዱ ለመግባት ከበቃበት ጊዜ እስከ 2006 መጠበቁ ግን ተቋሙ ለከባድ ሮክ ለረጅም ጊዜ ያሳየውን ቸልታ ይመሰክራል።

ሌላው ክርክር የሚያበላሽ ነገር ባንዱ ሲገባ ከአባላቱ ማን ይገባል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ተቋሙ ወጥ መለኪያ የለውም። ግሬትፉል ዴድ በ1994 ሲገባ መድረክ ላይ የማይወጣውን ግጥም ጸሐፊ ሮበርት ሀንተርን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰው ተቆጠረለት። ኪስ በ2014 ሲገባ የመጀመሪያዎቹ አራት ብቻ ተቆጠሩ፤ በ1980ዎቹ ሙሉ ባንዱን ተሸክመው የተጓዙት ቀሩ፤ በቅሬታው የተነሣ ባንዱ በዚያ ምሽት አልተጫወተም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የቦብ ማርሊ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። በ1994 የገባው ቦብ ብቻ ነው፤ ዌይለርስን አብረውት የመሠረቱት ፒተር ቶሽና በኒ ዌይለር በዚያ ምርጫ አልተካተቱም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ያደረጉትን ንግግር ቃል በቃል ወደ ዘፈን የቀየረው ቦብ በ1976 ነው፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ያን ጊዜ ተለይተውታል። ነገር ግን የሦስቱ ድምፅ ተጣምሮ ያቆመው መሠረት ባይኖር ኖሮ ቦብ ከኪንግስተን ወጥቶ እስከ አዲስ አበባ አይሰማም ነበር። ሬጌ ከገባ “ይህ ሮክ ነው ወይ” የሚለው ጥያቄም በ1994 ተመልሷል ማለት ይቻላል። እንዲያውም በ1986 የሶል ዘፋኙ ሬይ ቻርልስ ሲገባ ተመልሷል። ስለ ራፕ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማንሣቱ ጊዜ ማባከን ነው።

ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ዘ ዊኬንድ፣ አቤል ተስፋዬ፣ መቼ ለእጩነት ይበቃል የሚለውም ከወዲሁ ያከራክራል። በ2011 የለቀቃቸውን ሦስት ሥራዎች በኢንተርኔት በነፃ ነው ያሰራጨው፤ ተሰብስበው ለገበያ የቀረቡት በ2012 ነው። ደንቡ “ለገበያ የዋለ” ስለሚል ቆጠራው ከ2012 ይጀምራል የሚለው ወገን ያመዝናል፤ ያም 2037ን ይሰጣል። የዛሬ ሙዚቃ መጀመሪያ የሚወጣው በነፃ በመሆኑ ተቋሙ ይህን ቃል ማብራራት ይኖርበታል።

ሙዚየሙ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ነው። ከተማዋ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሬዲዮ አዘጋጁ አለን ፍሪድ “ሮክ ኤንድ ሮል” የሚለውን ስም ያስለመደው ከዚያ ነው፤ በ1952 ያዘጋጀው ትልቅ ኮንሰርትም ከመጀመሪያዎቹ የሮክ ኮንሰርቶች አንዱ ተብሎ ይጠራል። ሕንፃውን የነደፈው አይ ኤም ፔይ ነው፤ በ1995 ተከፈተ፤ የመስተዋት ድንኳኑ ከሐይቁ ጋር ሲታይ ያምራል። ከታችኛው ወለል መጀመር ይሻላል፤ የብሉዝና የወንጌል መዝሙር ሥሮች እዚያ ስላሉ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚታየው ሁሉ ትርጉም ያገኛል። ግማሽ ቀን ይመደብለት። ጎብኚ ራሱ ጊታርና ድራም የሚሞክርበት ክፍል አለ፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እዚያ መቆየቱ አይቀርም። የማስፋፊያ ግንባታ ስለተካሄደበት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ከጉዞ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ለሙዚየሙ ከአምስት አራት ኮከብ።

ለምርጫው ከአምስት ሁለት። የኩፐርስታውኑ የቤዝቦል የክብር አዳራሽ እያንዳንዱ እጩ ስንት ድምፅ እንዳገኘ ያወጣል፤ ለመግባትም ሰባ አምስት በመቶ ያስፈልጋል። የሮክ አዳራሽ የድምፅ ቆጠራውን አይገልጽም። ጁዳስ ፕሪስት በአንድ ድምፅ ወደቀ ወይስ በአምስት መቶ? ቁጥሩ ቢወጣ ለጥቂት የቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የጎን በሩም ለምን እንደተከፈተ ይገባናል። ከዚያ ሌላ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሙዚቀኞች በየዓመቱ ሁለት ቦታ በዋናው ምድብ ይጠበቅላቸው። ቸቢ ቼከር በ1960 ዓለምን በትዊስት አስጨፈረ፤ ዘፈኑ በ1960ም በ1962ም የቢልቦርድ አንደኛ ሆነ። ተቋሙ በሩን በከፈተበት በ1986 መስፈርቱን አሟልቶ ነበር። የገባው በ2025፣ በ84 ዓመቱ ነው።