ከሞላ ወደ ዘይት፦ የሱሉልታው በራችንና ዶር ክሎዘሩ

የምንኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ የእግረኛ በራችንን የሚመልሰው ደግሞ ሞላ ነበር። ሞላ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ይጎትታል እንጂ አያዘገይም። ነፋስ ሲያግዘው ላሜራው ከቋሚው ብረት ጋር ይላተምና ግቢው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ተከራያችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ ለመያዝ ሲወጣ እናቴም አብራው ትነቃ ነበር። ግንቦት ላይ ሞላውን አስነቅዬ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ዶር ክሎዘር፣ ማለትም በሩን ራሱ ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ዕቃ፣ አስገጠምኩ። አሁን ጥር ነው፤ ዝናቡንም ውርጩንም አይቷል።

በዚህም ውስጥ ሞላ አለ፤ ነገር ግን በሩን ሲመልስ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ማለፍ ስላለበት ፍጥነቱ ይገታል። ፍጥነቱ የሚስተካከለው በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ነው፤ አንዱ ለአብዛኛው ጉዞ፣ ሌላው በሩ ሊገጥም ሲል።

ስትገዙ ሻጩ የሚጠይቃችሁ የበሩን ክብደት ብቻ ነው፤ ስፋቱንም ለኩ። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 1 ሜትር በ2.1 ሜትር የሆነው በራችን ከቱቦላሬው ጋር 40 ኪሎ ግድም ነው። የዶር ክሎዘርን ጉልበት በቁጥር በሚለየው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢ ኤን 1154፣ 3 ቁጥሩ እስከ 60 ኪሎ ይችላል፤ የበሩ ስፋት ግን ከ95 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ስለዚህ እስከ 80 ኪሎና እስከ 1.10 ሜትር የሚሆነውን 4 ቁጥር ወሰድኩ።

በያጁ «ጋሼ፣ ቀጥታ ልበይደው» አለኝ። አይሆንም፤ የብየዳ ሙቀት ዘይቱን የያዙትን የጎማ ቀለበቶች ያበላሻል፣ ቀጭን ላሜራም ብሎን አይዝም። መጀመሪያ ወፍራም ብረት በይዶ፣ ሲቀዘቅዝ በስቶ በብሎን አሰረው። ያዘመመውንም ማጠፊያ በዚያው አስተካከለ፤ መሬት የሚፍቅ በርን ይህ ዕቃ አያድነውም።

የከፋው ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነበር። በማለዳው ብርድ ዘይቱ ይወፍርና በሩ እየተጎተተ ሄዶ፣ የቁልፉ ምላስ ሳይገባ ገርበብ እንዳለ ይቀራል። ብሎኑን ላላ ሳደርገው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይፈጥናል። የተሻለው ዘዴ በማለዳ፣ በካቻቢቴ ከሩብ ዙር ባነሰ እያዞሩ ምላሱ ለመግባት የሚበቃውን ያህል ብቻ መፍታት ነው። ከልክ በላይ ከተፈታ ዘይቱ ይፈስሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም። ቀስ ብሎ የመጣ ብረትም ብረት ሲነካ ይሰማል። ከጎሚስታ ቀጭን የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አምጥቼ በቋሚው ላይ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አጣበቅኩ። ወጪው ከዶር ክሎዘሩ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም፤ ከለውጡ ግን ግማሹ የጎማው ይመስለኛል። ጎማው ወፍራም እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ምላሱ ቀዳዳው ጋር አይደርስም። እጁ ያጠረው ሰው በዚህ ይጀምር።

ያልተፈታው ችግር ሰው ነው። እንግዳ ሁሉ በሩ ቀስ ሲልበት የማይዘጋ ይመስለውና በትከሻው ይገፋዋል። ያን ጊዜ ዘይቱ በቶሎ ማለፊያ ስለሚያጣ ጫናው ቀለበቶቹ ላይ ያርፋል። እናቴ ከበረንዳ «ተዉት፣ ራሱ ይዘጋል!» እያለች ትጮሃለች፤ አሁን ከበሩ ይልቅ ለጎረቤት የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው።

የዶር ክሎዘሩ ክንድ ብሎኖች በክረምት ስለዛጉ ከላይ ትንሽ የላሜራ ከለላ አስበይጄለታለሁ። እስካሁን ዘይት አላንጠባጠበም፤ ማንጠባጠብ ከጀመረ መቀየር እንጂ መጠገን አላስብም። ለመኪናው መግቢያ ባለ ሁለት ክንፍ በር ግን ይህን ዕቃ አልገዛም። እሱ በሰው እጅ ስለሚዘጋ፣ መሬት ላይ የተተከለውን ማቆሚያ ብረት ጎማ ማልበስ በቅቶታል።