የሞራንዲ ጠርሙሶች፦ መጀመሪያ ኅትመቱን፣ ቀጥሎ ሥዕሉን

የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የጆርጆ ሞራንዲን ሥራ ለማየት ጣሊያን፣ ቦሎኛ የሚሄድ ሰው ጠዋቱን ለኤቺንጎቹ (በአሲድ ከተቀረጸ ብረት ላይ ለታተሙት ሥዕሎቹ) ቢሰጥ ይጠቀማል። አብዛኛው ጎብኚ ግን ጉልበቱን ዘይት ቀለሞቹ ላይ ይጨርስና ጥቁርና ነጩን ኅትመት ገልመጥ አድርጎ ያልፋል። እንዲያ የታየ ሞራንዲ ዕድሜ ልኩን ደብዛዛ ጠርሙስ ሲደረድር የኖረ ሰው ይመስላል፤ ይህ ትልቅ በደል ነው። ሰውየው ጠርሙስን ከግድግዳ የሚለየው ዙሪያውን አስምሮ ሳይሆን የሁለቱን የብርሃን መጠን አመዛዝኖ ነው። ይህ ሥራው ደግሞ ቀለም በሌለበት ኅትመት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሞራንዲ በ1890 ቦሎኛ ተወልዶ በ1964 እዚያው አረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1930 እስከ 1956 በከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያስተማረው ኤቺንግ ነው። ከ1,300 በላይ ዘይት ቀለምና 130 ገደማ ኅትመት ትቷል፤ ከኅትመቶቹ የሚበዙት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው። ብራዚል ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ፣ በ1953 በኅትመት፣ በ1957 ደግሞ በቀለም ቅብ ተሸልሟል።

አሠራሩን ማወቅ ለማየትም ይረዳል። የመዳብ ወይም የዚንክ ፕሌት (ዝርግ ብረት) አሲድ በማያሳልፍ ሰም መሰል ልባስ ይቀባል። ሠዓሊው ልባሱን በመርፌ እየጫረ ብረቱን ያጋልጣል፤ ፕሌቱ አሲድ ውስጥ ሲነከር የሚበላው የተጋለጠው ብቻ ነው። ብዙ የቆየ መስመር ይጠልቃል፣ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ሲታተም ይጠቁራል። ቀለል ብሎ መቅረት ያለበት ቦታ ካለ ፕሌቱ ቶሎ ይወጣና ያ ቦታ በቫርኒሽ ተደፍኖ እንደገና ይነከራል። በመጨረሻ ቀለሙ ፕሌቱ ላይ ይታሻል፣ ላይ ላዩ በደረቅ ሻሽ ይጠረጋል፣ ርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በፕሬሱ ሲሊንደር ሥር ያልፋል። ሥዕሉ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል።

ሌሎች ግራጫን ለማውጣት የአኳቲንት ዱቄት (ፕሌቱ ላይ ተነስንሶ አሲዱ በደቃቅ ነጠብጣብ እንዲበላ የሚያደርግ የሙጫ ዱቄት) ይጠቀማሉ። ሞራንዲ ግን እምብዛም አልፈለገውም፤ ግራጫውን የሚያወጣው መስመርን በመስመር እያቋረጠ ነው፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መስመሮቹ ከልክ በላይ ከተጠጋጉ በመካከላቸው የቀረው ቀጭን ልባስ አሲዱ ውስጥ ይረግፋል፤ አሲዱም ብዙ ጠባብ ቦይ በመቆፈር ፋንታ አንድ ሰፊ ገንዳ ያወጣል። ሰፊ ገንዳ ደግሞ ቀለም አይዝም፤ ሻሹ ጠርጎ ይዞት ይወጣል። ድቅድቅ ጥቁር የተጠበቀበት ቦታ ጠርዙ ብቻ ጠቁሮ መሐሉ የገረጣ ጠባሳ ሆኖ ያርፋል። ኤቺንግ የሞከረ ሁሉ ይህን ጠባሳ ያውቀዋል፤ የሞራንዲን ጥቁሮች በአድናቆት የሚያየውም ለዚህ ነው።

ይህን ይዘው ሁለት ኅትመቶችን ያነጻጽሩ። በ1931 የሠራው፣ «በትልልቅ መስመሮች» የሚባለው ስቲል ላይፍ (የተደረደሩ ዕቃዎች ሥዕል)፣ መስመሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ ሊቆጠሩ ምንም አይቀራቸውም። የ1933ቱ «በእጅግ ቀጫጭን መስመሮች» ግን ራቅ ሲሉ ጭጋግ ነው፤ ፊትዎን 20 ሴንቲሜትር ድረስ ሲያስጠጉ ጭጋጉ መረብ ይሆናል። ትልልቅ የሚባሉት ፕሌቶቹ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ25 በ35 ሴንቲሜትር ገደማ ስለማያልፉ ትንሽ ማጉያ መነጽር ኪስ ውስጥ መያዝ አይከፋም። ነጭ ዕቃዎቹን ልብ ይበሉ፤ ነጩ መርፌ ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው፣ ቅርጽ የሰጠው ዙሪያውን የከበበው መረብ ነው። ከሁለቱ የ1931ዱን እናስበልጣለን። ሰፋፊ መስመር ስሕተት አይደብቅም፤ አንዱ መስመር ቢዛባ ማሰሮው ይፈርሳል፣ አልፈረሰም።

አሁን ወደ ዘይት ቀለሞቹ። ዕቃዎቹ ተራ ናቸው፦ ጠርሙስ፣ ማሰሮ፣ የላምባ ፋኖስ፣ የቡና ማንቆርቆሪያ፣ ቆርቆሮ ጣሳ። ሞራንዲ ግን እንዳሉ አልተዋቸውም። የጠርሙሱን ወረቀት ይልጣል፣ ውስጡ ቀለም ይጨምራል ወይም ላዩን በማያብለጨልጭ ቀለም ይቀባል። መስታወት ሲያብለጨልጭ ዓይን ነጸብራቁን ይከተልና ቅርጹን ይስታል። አቧራውንም አያራግፍም ነበር፤ አቧራም እንደ ቀለሙ ብርሃኑን ያለሰልሳል። የዕቃዎቹን ቦታ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ወረቀት በእርሳስ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ጠረጴዛዎቹም ከፍታቸው የተለያየ ስለሆነ ያንኑ ጠርሙስ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ዓይን ለዓይን ያየዋል።

ከ1950ዎቹ ወዲህ ያሉት ሥዕሎች ምርጦቹ ናቸው። በእነዚህ ላይ የሁለት ዕቃ ጠርዝ ሆን ተብሎ አንድ መስመር ላይ ይገጥማል፤ የሳጥኑ ጎንና የጠርሙሱ ጥላ እኩል ብርሃን ስለተሰጣቸው የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ ዓይን ይወዛገባል። ፎቶ በሚፈቀድበት ቦታ የስልክዎን ካሜራ ጥቁርና ነጭ ላይ አድርገው ቢያነሱት ዕቃው ከግድግዳው ጋር ሊዋሐድ ምን ያህል እንደቀረበ ወዲያው ይታያል። የ1918 እና የ1919 ሥራዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ግን ቋንቋቸው በዘመኑ ከነበሩት ጣሊያናውያን ሠዓሊዎች ከዴ ኪሪኮና ከካራ የተዋሰ ነው። አበቦቹ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከሐር ወይም ከደረቀ አበባ የተሣሉት፣ ለስላሳ ናቸው፤ ጠርሙሶቹ ያላቸው ውጥረት ይጎድላቸዋል።

የሞራንዲ ሙዚየም በ1993 በፓላዞ ዳኩርሲዮ ተከፍቶ ከ2012 ጀምሮ የቦሎኛ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በሆነው ማምቦ ውስጥ ይገኛል፤ ቪያ ዶን ሚንዞኒ 14፣ ድሮ የከተማዋ ዳቦ መጋገሪያ በነበረው ሕንጻ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳው ኅትመቶች እንደ ሸራ ሥዕል ዘወትር ሊሰቀሉ አይችሉም፤ የሚፈልጉት ኅትመት ካለ ሳይጓዙ ይጠይቁ። ከመስታወቱ ነጸብራቅ ለማምለጥ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይቁሙ።

ፖስተር ለመግዛት አይቸኩሉ። ሞራንዲን የሚያኖሩት ግራጫዎች በአራት ቀለም ማተሚያ ወይ ወደ ሮዝ ወይ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላሉ፤ ያ ጥቂት ልዩነት ሥዕሉን ይገድለዋል። ኤቺንጉም በነጠብጣብ ሲታተም መስመሩ ይቆራረጣል። ኦሪጅናል ነው የሚባል ኅትመት ሲቀርብልዎ መብራት ከጎን ያብሩበት፤ የፕሌቱ ጠርዝ ወረቀቱን የረገጠበት ጎድጎድ ያለ ክፈፍ መኖር አለበት፣ ቀለሙም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ሁለቱ ከሌሉ የእርሳስ ፊርማ ቢኖርም እንዳያምኑ። ቢኖሩም ባለሙያ ሳያይልዎ አይክፈሉ።

ከሰዓት በኋላ ቪያ ፎንዳዛ 36 ይሂዱ፤ ከሙዚየሙ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከሦስት እህቶቹ ጋር የኖረበት ይህ ቤት ከ2009 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ቢሆንም እንደ ሙዚየሙ ዘወትር ስለማይከፈት የመግቢያውን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ። መኝታውም መሥሪያውም አንዲት ክፍል ናት፤ ጠባብ አልጋ፣ ወደ ግቢው የሚያይ መስኮት፣ የሥዕል ማቆሚያ። ጠዋት በመረብና በቀለም ያዩዋቸው ጠርሙሶች አቧራቸውን ለብሰው እዚያ ቆመዋል። ጠረጴዛውን ልብ ብለው ይዩ፦ የእርሳስ ምልክቶቹ እዚያው ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው።